«ሲፐ» እና «ቤተሰብ»፦ ዘመድ ናቸው ወይስ ሞክሼ?

ማታ_ፈረቃ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ሽቱትጋርት ነው የምኖረው፤ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እየሠራሁ ነርስነት እማራለሁ፣ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ጥያቄዬ የቋንቋ ነው፤ የሚያውቅ ካለ ይርዳኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የ92 ዓመት እናት እንቅልፍ እምቢ አላቸው። የአልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ የታላቅ እህቴን የሰርግ ፎቶ ከስልኬ አሳየኋቸው። ደብረ ማርቆስ የተነሳ ነው። የፊተኞቹ ተንበርክከው፣ የኋለኞቹ አግዳሚ ላይ ቆመው፣ ሕፃናቱ በየጉያው ተሸጉጠው፣ 31 ሰው ቆጥሬያለሁ። እማማ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ካዩ በኋላ «ዲ ጋንጸ ሲፐ!» ብለው ሳቁ። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ፣ አንድም ሰው ሳይቀር፣ ማለታቸው ነው። በፍቅር ነው ያሉት።

አብራኝ የነበረችው ልጅ ግን (በዕድሜ እኩያዬ ናት፣ ጀርመን) ፊቷ ልውጥ አለ። ኮሪደር ስንወጣ «ያንን ቃል አንቺ እንዳትለምጂው» አለችኝ። ለምን ብላት ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች። የማታ ፈረቃ ወሬ እንዲህ ነው፤ ደወል ይጠራል፣ ጨዋታው ሳያልቅ ይቀራል።

ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። በትምህርት ቤቱ ጀርመንኛ «ዚፐ» ነው የሚባለው፤ እሳቸው የሽቫብ (የዚሁ የሽቱትጋርት አካባቢ) ሰው ስለሆኑ «ዘ»ዋን «ሰ» አድርገው ነው የጠሩት። እኔ ደግሞ እንቅልፍ አጥቼ ስገላበጥ ሲፐ… ሲብ… ሰብ… ቤተ ሰብ እያልኩ ነጋ። እንግሊዝኛውም እህት ወይም ወንድም ለማለት «ሲብሊንግ» ይላል። ይሄ ሁሉ አጋጣሚ ነው? ወይስ ቃሉ ጥንት ከኛ ዘንድ የሄደ ነው? ሁለተኛ፣ «ዘመድ» የሚል ቃል ምን ነውር አለበት?


ግእዝ_ዓለም፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ ውስጥ መልሱ አለ። ሰብ፣ ሲብ፣ ሲፐ። ሕፃን ልጅ የሚያየው ነገር ነው። ፈረንጅ ግን «ከአፍሪካ ወሰድኩ» አይልም። «ሰባት»ንና የጀርመኑን «ዚበን»ስ አይተሽዋል? እሱም አጋጣሚ ነው ሊሉሽ ነው።


ዜማ_ተማሪ፦

ወንድሜ፣ ቀስ። በግእዝ ቃሉ «ሰብ» አይደለም፣ «ሰብእ» ነው። ሦስት ፊደል፤ መጨረሻው አልፍ። ቤተሰብ የምንለው «ቤተ ሰብእ» ነው፣ የሰው ቤት፤ አማርኛ ያቺን «እ» ዋጣት። «ሰው» የሚለው ራሱ ከዚያው ከሰብእ የወጣ ነው፣ «ብ» ወደ «ው» ላልታ። ስለዚህ «ቤተሰብ» እና «ሰው» ወንድማማች ቃላት ናቸው፤ ብዙ ሰው ይሄን አያስተውልም። የጀርመኑን ወገን የሚያውቅ ይምጣ።


ጡረተኛው_ሾፌር፦

ማታ ፈረቃ፣ ልጄ፣ ቡናሽን ይዘሽ ቁጭ በዪ፤ አጭር መልስ አልችልም።

ፕሮፌሰር መስዬሽ እንዳትሸወጂ መጀመሪያ ማንነቴን ልንገርሽ። ኡፕሳላ፣ ስዊድን፣ የከተማ አውቶቡስ 23 ዓመት ነድቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አገሩን የረገጥኩት በ1995 ነው (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሌቦች ካሮሊና ረዲቪቫ ከሚባለው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ገብተው የ«ብር መጽሐፍ ቅዱስ»ን የብር ሽፋንና ጥቂት ቅጠሎች ይዘው ጠፉ። ከአንድ ወር በኋላ ስቶክሆልም ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ፣ መንገደኛ ሻንጣ በሚያስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ ተገኘ። እኔ ያኔ የስዊድንኛ ፊደል ገና እየቆጠርኩ ነበር፤ መምህራችን ጋዜጣውን ይዛ መጥታ በእሱ አስነበበችን። የብራና መጽሐፍ ተሰረቀ ሲባል የኛ አገር ነገር መስሎ ታየኝና፣ ሲመለስ ሄጄ አየሁት። ብራናው ሐምራዊ፣ ቀለሙ ብር፣ አንዳንዱ መስመር ወርቅ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጣልያን ውስጥ ራቬና ላይ የተጻፈ ነው፤ ስዊድኖች በ1648 ከፕራግ ዘርፈው አመጡት። ለነገሩ ሌባው የሰረቀው የተዘረፈ ነው።

ቋንቋው ጎቲክ ይባላል፣ ጎት የሚባል የጥንት ጀርመናዊ ሕዝብ ቋንቋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። ሹፍርናዬን ከያዝኩ በኋላ ሁለት ክረምት የማታ ኮርስ ገብቼ ተማርኩት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «በሕይወት ያለውን ስዊድንኛ እየኮላተፈ የሞተ ቋንቋ ያጠናል» ትለኛለች።

አሁን ወደ ቃልሽ። ዚፐና ሰብእ ሞክሼ ናቸው እንጂ ዘመድ አይደሉም። ለምን እንደሆነ ለማየት ወደ ላይ መውጣት አለብን።

ጀርመንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ደች፣ ስዊድንኛ፣ የሞተው ጎቲክም ጭምር ከአንድ እናት ነው የወጡት፤ ጥንተ ጀርመናዊ ልበላት። እናትየዋን በመጽሐፍ የጻፋት የለም። ሊቃውንት ልጆቿን አጠገብ ላጠገብ አቁመው፣ አፍንጫው ከማን፣ ግንባሩ ከማን እያሉ መልኳን ሠሯት። እንዲህ የተሠራ ቃል ፊት ኮከብ ያስቀምጣሉ፤ «ተጽፎ የተገኘ አይደለም» ማለት ነው። ያንቺ ቃል *ሲብዮ ናት። ልጆቿ በጎቲክ ሲብያ፣ በጥንታዊ እንግሊዝኛ ሲብ፣ በጥንታዊ ጀርመንኛ ሲፓ፣ በሰሜኖቹ ደግሞ ሲፍ።

የእንግሊዝኛው «ብ» ይጠብቃል፣ የጎቲኩ ይላላል። ለምን? በምዕራቡ ወገን «ይ» የምትከተለው ተነባቢ ትጠብቅ ነበር። እኛ «ገና» ብለን ጽፈን በዓሉንም «ገና ነው»ንም በጆሮ እንደምንለይ አስቢ፤ እነሱ ማጥበቁን ፊደል ደግመው ጻፉት። ከዚያ ደቡቡ ጀርመንኛ የጠበቀችውን «ብ» ወደ ጠበቀች «ፕ» ወሰዳት። ይሄ በአንድ ቃል ብቻ የሆነ ቢሆን አላምንም ነበር። ግን እዪ፦ እንግሊዝ ሪብ ሲል ጀርመን ሪፐ ይላል፣ ጎን አጥንት። እንግሊዝ ክሪብ ሲል ጀርመን ክሪፐ፣ ግርግም፤ እናቶች ጠዋት ጠዋት ሕፃን የሚያስረክቡባትም ክሪፐ እሷው ናት። ሲብና ሲፐ ሦስተኛ ጥንድ ናቸው። እንዲህ ተደርድሮ ሲገኝ ነው ዝምድና የሚባለው፤ መመሳሰል ብቻውን ምንም አይደል።

ከ*ሲብዮ በላይ ስንወጣ ከላቲንና ከሳንስክሪት ጋር የሚጋሩት አያት ጋ እንደርሳለን። አብዛኞቹ ሊቃውንት እዚያ የሚያገኟት «ስወ» ወይም «ሰ» የምትል ጥቃቅን ቃል ናት፣ ትርጉሟ «ራስ፣ የራስ»። ላቲን ሱዉስ ሲል «የራሱ» ነው። በዚች ላይ «ብ»ን ቀጥለው «የራስ የሆነ፣ የወገን» የሚል ቃል ወጣ። እንግዲህ ግእዝ ዓለም ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ተመልከት፤ በጀርመኖቹ ቃል «ብ» ቅጥያ ናት፣ ሥሩ ያቺው «ሰ» ብቻ። በሰብእ ግን «ብ» ከሦስቱ የሥር ፊደላት አንዷ ናት፣ «እ» ደግሞ አለች። የአንዱ ጅራት የሌላው ወገብ ላይ ነው የገጠመልህ።

«ሰባት» እና «ዚበን»ን ግን አልስቅብህም። እሱን ቁም ነገረኛ ሊቃውንትም አንስተውት ያውቃሉ፤ ቁጥሩ በጣም ጥንት ከሴማውያን ተወስዶ ይሆናል የሚሉ አሉ። እሱ ሌላ ወግ ነው።

አሁን ማታ ፈረቃ፣ የኔን ልብ የሚያሞቀውን ስሚ። ያቺ «ስወ» ብዙ ቤት ገብታለች። ሩስያ የተማሩ ያገራችን ሰዎች «ስቮቦዳ»ን ያውቋታል፣ ነፃነት ናት፤ ከሥሯ «የራሱ ወገን የሆነ፣ ባሪያ ያልሆነ» አለባት። መጦሪያው ውስጥ ቀኑን ሙሉ «ሽቬስተር! ሽቬስተር!» እያሉ ይጠሩሽ የለ? እህት የሚለው የዚህ ሁሉ ቋንቋ የጋራ ቃል መነሻው «ስወ»ንና «ሴት»ን ያጋጠመ ነው ይላሉ፣ የራስ ወገን ሴት። የምትኖሪበት ሽቫበን ስሙን ያገኘው ሮማውያን ስዌቢ ከሚሏቸው ሕዝቦች ነው፤ እሱም ከዚህችው «የራስ» ከምትለው ጋር ይያያዛል። የኔው ስዊድን፣ ስቬሪየ፣ የስቬያ መንግሥት ማለት ነው፤ ስቬያም «እኛው ራሳችን» ይሆናል የሚለው ግምት የታወቀ ነው። አንቺም እኔም፣ ዓለም ሁሉ ሰፊ ሆኖ ሳለ፣ «እኛው ነን» ብለው ራሳቸውን በሰየሙ ሰዎች አገር መጥተን ወደቅን።

የቀረውን ነገ እጨርሳለሁ፤ የልጅ ልጄን ከክሪፐ የማመጣበት ሰዓት ደረሰ። (እዚህ ክሪፐ አይሉትም፣ ፎርስኩላ ነው። ግን አማረኝ።)


ማታ_ፈረቃ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ሽቬስተር» የሚለውን ዛሬ በሰሙኝ ቁጥር ብቻዬን እየሳቅኩ ነው የዋልኩት። ግን ሁለተኛውን ጥያቄዬን አልመለሱልኝም። «የራስ ወገን» ከሆነ ያቺ ልጅ ለምን ፊቷን አጠቆረች?


ጡረተኛው_ሾፌር፦

እዚያ ነው የምሄደው። ግን ቃሉ ሳይበላሽ በፊት ምን እንደነበረ ላሳይሽ፤ ያለዚያ የተበላሸው የትኛው እንደሆነ አይገባሽም።

የብር መጽሐፍ ቅዱሱን ወደ ጎቲክ የመለሰው ዉልፊላ የሚባል የ4ኛው ክፍለ ዘመን ጳጳስ ነው። ፊደሉንም ያዘጋጀው እሱ ነው። ስሙ በጎቲክ «ተኩላዬ» ማለት ነው፤ አያቶቹ ግን ጎቶች አልነበሩም፣ ከቀጰዶቅያ በምርኮ የተወሰዱ ክርስቲያኖች ነበሩ። ይሄን ያዢልኝ።

ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። «ታረቅ» በሚለው ቦታ ዉልፊላ ምን ጻፈ? «ጋሲብዮን»። በቃል በቃሉ «ተዛመድ» ነው። ምዕራፍ 7 ላይ እናንተ ዓመፀኞች ከእኔ ራቁ በሚለው፣ ዓመፃ የተባለችው «ኡንሲብያ» ናት። «ኡን» ማፍረሻ ናት፤ ዝምድና የሌለበት፣ ዝምድና የፈረሰበት ነገር። ግሪኩ «ሕግ አልባነት» ነው የሚለው። ለጎቶች ሕግ አልባ ማለት ዝምድና አልባ ነበር ማለት ነው። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች፣ ባይወለዱም እንደ ልጅ መቆጠርን ሲጽፍላቸው ደግሞ ዉልፊላ «ሱኒወ ሲብያ» አለው፣ የልጆች ዝምድና፤ እኛ ማደጎ የምንለው ነው፣ የጡት ልጅ እንደሚባለው። የምርኮኛ ዘር የሆነው ሰውዬ ባልወለዱት ሕዝብ መካከል ጳጳስ ሆኖ ያቺን ቃል ሲመርጥ ሳስበው፣ አውቶቡስ ውስጥ ባዶ የመጨረሻ ፌርማታ ላይ ቆሜ ነው መጀመሪያ የገባኝ፣ ሰዓቴ እስኪደርስ አለቀስኩ ብልሽ አታምኚኝም።

እንግሊዞቹም ዘንድ እንደዚሁ ነው። ሲብ ዝምድናም ሰላምም ነበረች። የሚያስተራርቁ ብፁዓን ናቸው በሚለው ቦታ «ገሲብሱም» ይላል የድሮው ወንጌላቸው፤ ሲብ ያላቸው፣ ዘመዳም የሆኑ።

የመወለዱን፣ የደሙን ነገር የሚሸከም ሌላ ቃል አላቸው፤ *ኩንያ። እንግሊዝኛው ኪን ከዚያ ነው፣ ንጉሥ የሚለው ኪንግም በዚያው መንገድ፤ ሥሩ «ወለደ» ነው፣ ከላቲኑ ጌኑስ ጋር የሚጋራው። ሲብ የደም ዘመድን አትጨምርም እያልኩ አይደለም፤ በደንብ ትጨምራለች። ግን መነሻዋ ደም አይደለም፣ «ከኛ ወገን ነው፣ በእሱና በኛ መካከል ሰላም አለ» ነው።

ስለዚህ ነው ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ እንግሊዞቹ ከሷ «ጎድሲብ» የሚል ቃል የሠሩት። የእግዚአብሔር ዘመድ፣ በክርስትና የተዛመደ። ማለትም አበልጅ! በሌላ ቋንቋ አንድ ቃል ፈልገሽ ብታጪለት የኛን አበልጅ ያህል የሚገጥመው ያለ አይመስለኝም። በ1014 ሊቀ ጳጳስ ዉልፍስታን ሕዝቡን ሲገሥጽ፣ በየቦታው ጎድሲቦቻቸውንና የክርስትና ልጆቻቸውን አጠፉ ብሎ እንደ ትልቅ ኃጢአት ይቆጥረዋል። ከዚያ ጎድሲብ እየላላች «ጎሲፕ» ሆነች፣ የቅርብ ወዳጅ ማለት፤ ከዚያ ሴት ስትወልድ አራስ ቤት የሚሰበሰቡት ጎረቤቶችና ወዳጆች ጎሲፕ ተባሉ፤ አራስ ቤት ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ገንፎው እስኪቀርብ ወሬ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወሬኛ ሰው ማለት ሆነች፣ በ19ኛው መጀመሪያ ወሬው ራሱ። የአበልጅ ስም ሐሜት ሆኖ ቀረ። ገንፎውን ያበሉ ሴቶች በነገሩ የተበደሉ ይመስለኛል፤ ወንዶቹ ጠላ ቤት ሲያሙ ግን ስም አልወጣላቸውም።

«ሲብሊንግ» ጥንት ማንኛውንም ዘመድ ነበር የምትለው። ከዚያ ተረሳች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዘር ውርስን የሚያጠኑ ሰዎች ለወንድምና እህት የሚሆን አንድ ቃል ሲቸግራቸው ከመቃብር አወጧት። እኛም እኮ አንድ ቃል የለንም፤ «እህት ወንድም አለሽ?» እያልን ነው የምንኖረው።

እንግዲህ ወደ ጀርመን። በአፍ ወሬ «ዚፐ» ስትባል ዛሬ ትንሽ ንቀት አለባት፣ «ዚፕሻፍት» ሲሏት ደግሞ የባሰ፤ ኮተታም ዘመድ እንደማለት። የማይወዱትን የአማች ወገን ነው እንዲህ የሚሉት። (ለቀልድ «ሚሽፖኸ» የሚሉም አሉ፤ እሷን ግእዝ ዓለም ደስ ይበልህ፣ ከዕብራይስጥ ናት፣ በዪዲሽ በኩል የገባች ሴማዊት።) የሥራ ባልደረባሽ ግን በዚህ አይመስለኝም የደነገጠችው። ናዚዎች ቃሏን ነጥቀው የደም ጉዳይ ብቻ አደረጓት። የኤስኤስ (የናዚ ታጣቂ ድርጅት) አለቃ ሂምለር በ1931 መጨረሻ አንድ አባል ሊያገባ ሲል የሚስቲቱ ዘር እንዲመረመር አዘዘ፤ ያገቡት የሚጻፉበት መዝገብ «የዚፐ መጽሐፍ» ነበር የሚባለው። ከሁሉ የከፋው «ዚፐንሃፍት» ነው፤ አንድ ሰው ላጠፋው ቤተሰቡ እንዲታሰር። ሐምሌ 20 ቀን 1944 ሂትለርን በቦምብ ለመግደል የሞከረው ሽታውፈንበርግ ልጅነቱን ያሳለፈው እዚያው አንቺ ከተማ፣ አሮጌው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፤ መታሰቢያው ዛሬም እዚያ አለ፣ እረፍት ስትወጪ እዪው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሂምለር ፖዘን ላይ ተነሥቶ የሽታውፈንበርግ ዘር እስከ መጨረሻው ሰው ይጠፋል አለ፤ ይሄንንም የጥንት ጀርመናውያን ወግ ነው ብሎ ነበር ያቀረበው። እርጉዝ ሚስቱ ታሰረች። ልጆቹን ባድ ዛክሳ ወደሚባል ቦታ ወስደው የአባታቸውን ስም ቀምተው ሌላ ስም ሰጧቸው።

ዓመፃን «ኡንሲብያ» ይሉ የነበሩ ሰዎች የቋንቋ ዘመዶች፣ ሲብያን ይዘው ያን ሠሩበት።


ዜማ_ተማሪ፦

ጋሼ፣ እውነት እንደዚያ ያለ ወግ ጥንት ነበራቸው ወይስ ሂምለር ፈጠረው?


ጡረተኛው_ሾፌር፦

የደም ካሳ ነበር፣ እሱን መካድ አይቻልም። ገዳይ ወገን ይከፍላል፣ የሟች ወገን ይካፈላል፤ ጉማ የሚያውቅ ያገራችን ሰው አይደንቀውም። ግን ዘመድ እስር ቤት አልነበረም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የተጻፈው የሳሊ ፍራንኮች ሕግ ከዘመዱ መውጣት ስለሚፈልግ ሰው አንድ አንቀጽ አለው። ሸንጎ ፊት ይቆማል፣ ከዛፍ የተቆረጡ በትሮች ከራሱ በላይ አንሥቶ ይሰብራል፣ ስብርባሪውን ወደ አራቱ ማዕዘን ይወረውራል፣ ከመሐላቸውም ከውርሳቸውም ወጥቻለሁ ይላል። ከዚያ ወዲያ ዘመዱ ቢሞት አይወርስም፣ ቢገደል ካሳ አይካፈልም። አለቀ። ሂምለር ይሄን አንቀጽ አላነበበውም፣ ወይም አንብቦ ዘለለው።

ደግሞ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን የሕግ ሊቃውንት «ዚፐ» አጥር ያላት፣ አለቃ ያላት ጎሣ ነበረች ብለው ትልቅ ሕንፃ ሠርተውባት ነበር። ካርል ክሮሸል የሚባል የሕግ ታሪክ ምሁር በ1960 ባወጣው ጽሑፍ ያንን ሕንፃ ነቀነቀው። እንደኛው ነገር ነው፤ የኔ ዘመድ በእናቴም በአባቴም ይቆጠራል፣ የአጎቴ ልጅ ዘመድ ግን ሁሉም የኔ ዘመድ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው መሐል ቆሞ ነው የሚቆጥረው።

እንዴት እንደሚቆጥሩ ልንገራችሁ፤ ይሄን ሳነብ ነው ደብረ ማርቆስን ያስታወስኩት፣ የአባቴ አገር ናትና። አይከ ፎን ረፕጎቭ የሚባል የሳክሶኒ ሰው በ1220ዎቹና በ1230ዎቹ ውስጥ ያገሩን ልማድ ሰብስቦ «የሳክሶኖች መስታወት» የሚባል የሕግ መጽሐፍ በሰሜኑ ጀርመንኛ ጻፈ። ዘመድ የሚቆጠረው በገላ ነው። ባልና ሚስት ራስ ላይ ናቸው። የአንድ አባትና እናት ልጆች አንገት ላይ። የእህት ወንድማማች ልጆች ትከሻ ላይ፤ ቆጠራው ከዚያ ይጀምራል፣ አንድ። ልጆቻቸው ክርን ላይ፣ ሁለት። የእጅ አንጓ፣ ሦስት። ከዚያ የመሐል ጣት አንጓዎች፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ሰባተኛው ላይ ምን አለ? ጥፍር። አንጓ አይደለም፤ ስለዚህ «ሲበ» (ያቺው ዚፐ ናት) እዚያ ታልቃለች ይላል፣ እዚያ ያለውም «የጥፍር ዘመድ» ይባላል።

ሰባት! ሰባት ቤት! አባቴ ምሰሶውን ተደግፎ፣ ለጋብቻ የተጠየቀችውን ልጅ «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ» እያለ በጣቱ ሲቆጥር ያየሁ ሰው ነኝ። ተወራረሱ እያልኩ አይደለም፤ በዚያም በዚህም ቤተ ክርስቲያን በሰባት ስትከለክል የኖረች ናት። ግን እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ለብዙ ጊዜ አየሁት።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተዋችሁ። በሰሜኖቹ ተረት የነጎድጓዱ አምላክ የቶር ሚስት ሲፍ ትባላለች፣ ያቺው ቃል ናት። ሎኪ የሚሉት ተንኮለኛ ፀጉሯን ላጭቶባት ድንኮች በወርቅ ሠርተው መለሱላት። አይስላንዶች ዛሬም የቤተሰብ ሕግን «ሲፍያሬትቱር» ነው የሚሉት። እኛ አሁን እዚህ የምንሠራውን፣ የቃላትን አመጣጥ መፈለግን ደግሞ «ኦርዝሲፍያፍራይዚ» ይሉታል፣ የቃላት ዝምድና ትምህርት። የቤት ስሙ ይሄ ነው።


ግእዝ_ዓለም፦

ጋሽ ሾፌር፣ እሺ፣ ስለ «ብ» የተናገሩት ገብቶኛል። ሰባትን ግን አልለቅም።


ጡረተኛው_ሾፌር፦

እሷን አትልቀቅ።


ማታ_ፈረቃ፦

ትናንት ማታ እማማ አሁንም አልተኙም ነበር። ጋሼ እንዳሉት አስረዳኋቸው፣ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ። ክንዳቸውን ዘረጉልኝ፤ ቆዳቸው እንደ ወረቀት ነው፣ በጥንቃቄ ያዝኩት። ትከሻ ላይ የአክስታቸውን ልጅ ስም ነገሩኝ፣ በጦርነቱ የሞተ። ክርን ላይ ሁለት ስም። አንጓ ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው ቆዩና «ከዚህ በታች የማውቀው የለኝም» አሉ።

ከዚያ «ያንቺን» አሉኝ። ፎቶውን አውጥተን 31ዱንም ደረደርን። አብዛኛው ከትከሻ እስከ አንጓ አለቀ። ሁለት ሰዎች ጣት ላይ ወጡ። አንድ ሰውዬ ግን የትም አልገባ አለን፤ በቀኝ ጥግ የቆመው፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ የያዘው። ከልጅነቴ ጀምሮ «አጎቴ» ነው የምለው። ጠዋት ከፈረቃ ስወጣ ለእናቴ ደወልኩ። «የማን ወንድም ነው?» አልኳት። «የማንም» አለች። «ታላቅ ወንድምሽን ክርስትና ያነሣው እሱ አይደል እንዴ? አበልጃችን ነው።»

ጋሼ፣ እሱን የት ላድርገው? ጥፍር ላይ ወይስ ከጥፍር ውጭ?


ጡረተኛው_ሾፌር፦

አይከን ብትጠይቂው ከጥፍር ውጭ ነው፤ ውርስ የለውም። ዉልፍስታንን ብትጠይቂው ጎድሲብ ነው፣ መንካት ኃጢአት ነው። የደብሩን ቄስ ብትጠይቂ ደግሞ ልጁን ለወንድምሽ አታጋቡ ይሉሻል። ፎቶው ላይ ግን ቦታው ጥሩ ነው፣ እዚያው ጥግ ይቁም። ባርኔጣውን አሳዪኝ እስቲ፣ ያገሬ ሰው ይመስላል።